ከቃሬዛው ላይ የታየኝ ሰማይ

ቅዱሳን፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ይባረክ! ትንሽ ታገሡኝ፤ ዛሬ ይህን ሳልናገር ብቀመጥ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም። ብዙዎቻችሁ በነጭ ጋዋን ታውቁኛላችሁ፤ መርፌ የወጋኋችሁም አላችሁ፣ ይቅር በሉኝ። ዛሬ ግን የቆምኩት ሐኪም ሆኜ ሳይሆን ሰው ተሸክሞት የዳነ ሰው ሆኜ ነው። ደግሞ ይህን ቤት እዩት! ትናንት የገበሬ ማኅበሩ የእህል መጋዘን ነበር፤ ጥጉ አሁንም በቆሎ በቆሎ ይሸታል። እዚህ ቆሜ የጌታን ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ሃሌሉያ!

በደርግ ጊዜ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ፤ ለልምምድ ጂንካ ሆስፒታል ተመደብኩ። ከተማ ቤት ልከራይ ስል እናቴ፣ "ስንት ዓመት ርቀህ ቆይተህ፣ አገርህ ገብተህ ሰው ቤት ልታድር?" ብላ አኮረፈች። የእናቴን ኩርፊያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እሺ አልኩ። እናም ጠዋት ጠዋት ከገዘር በሚመጣው በዚህ መንገድ ወደ ጂንካ በእግሬ እወርዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። መኪና የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ አንዲት ኤንትሬ ካለፈችና ሾፌሩ ከጭነቱ ላይ ካወጣኝ የዚያ ቀን ንጉሥ እኔ ነበርኩ።

ያ መንገድ ደግሞ ጉም ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ስወጣ ጉሙ ከተራራው ወርዶ እንሰቱን ውጦታል፤ ከሰው አጥር በላይ የሚታየው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነው። የላም ቃጭል ይሰማል፣ ላሟ አትታይም። የሰው ሳል ይሰማል፣ ሰውየው አይታይም። እኔም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነኝ። እግሬ መንገዱን ስለሚያውቀው እሱን ልኬ እኔ ተኝቼ እሄድ ነበር ማለት ይቻላል። ድንገት ስባንን ራሴን ወንዙ ዳር አገኘዋለሁ፤ ቁልቁለቱን መቼ ወረድኩት? አላውቅም። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ጉም ውስጥ ነኝ።

ቃሬዛው የሚመጣው ከዚያ ጉም ውስጥ ነበር። የአገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ፤ በሽተኛ የተሸከመ ሰው ካገኘህ "እንዴት አደራችሁ" ብለህ ብቻ አታልፍም፤ ትከሻህን ታስገባለህ፣ የደከመው ይወጣል። እኔም ቢረፍድብኝም እገባ ነበር። አንድ ነገር ግን ይገርመኝ ጀመር፤ የአንዳንዱ ቃሬዛ አጃቢ ብዛቱ! ለአንድ በሽተኛ ወንዱ፣ ሴቱ፣ ሽማግሌው ሳይቀር። ኬላው ላይ ጠባቂው "ወዴት ነው?" ይላል። "በሽተኛ ይዘን ነው።" "እለፉ።" ኬላው ከኋላችን ጉም ውስጥ ሲጠፋ፣ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ በአሪኛ መዝሙር ይጀመራል።

ገባችሁ ወገኖቼ? ያኔ ይህ የጸሎት ቤታችን ተዘግቶ መጋዘን ሆኗል። ተሰብስቦ መጸለይ ያሳስራል። በሽተኛ አትውሰዱ የሚል ካድሬ ግን አልነበረም። በሽተኛው የእውነት በሽተኛ ነው፤ እነሱም የእውነት ይሸከማሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ደግሞ ያመልካሉ። የተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ትሄድ ነበር! ክብር ለጌታ ይሁን!

እኔስ? እኔ ከዩኒቨርሲቲ ቀይ ቀዩን መጽሐፍ አንብቤ የመጣሁ ሰው ነኝ። እግዚአብሔር ማለት መድኃኒት ያላገኘ ሰው ምኞት ነው ብዬ ነገሩን ዘግቼዋለሁ። የእነዚያ ሰዎች መሪ ጎረቤታችን ጋሽ ጋልታ ነበር፤ ረጅም የአሪ ሽማግሌ፣ አማርኛን በራሱ መንገድ የሚናገር። አብሬው ተሸክሜ ስሄድ እቀልድበት ነበር።

"ጋሽ ጋልታ፣ ይሄ መዝሙር ወባ ይገድላል?"

"አንተ መርፌ ውጋ፣ ዶክተር። እኛ እንዘምር። መንገድ ለሁላችን ይበቃል።" ገና ተማሪ ሳለሁ ዶክተር ይለኝ ነበር። "አንድ ቀን ጌታ አንተንም ይሸከማል።"

"እኔ እግር አለኝ፣ ጋሽ ጋልታ።"

ይስቅና "እግር ጥሩ ነው" ይላል።

አንድ ጊዜ ለክትባት ሥራ ወደ ወይጦ ወረድን። ከቆላው ስመለስ ራሴን ያመኝ ጀመር። የሌላውን ሰው ወባ ከሩቅ የማውቅ ተማሪ የራሴን "ጉንፋን ነው" አልኩት። እናቴ "ዛሬ እንኳ ይቅርብህ" ብትለኝ እምቢ ብዬ ወጣሁ። ከበራችን ብዙም ሳልርቅ መሬቱ ተነሥቶ መጣብኝ። ከዚያ የማስታውሰው የእናቴን ኡኡታና ፊቴ አጠገብ የቆመውን የጋሽ ጋልታን ትልቅ፣ ጭቃ የነካው እግር ነው።

ቃሬዛው ሲመጣ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? "በእግሬ እሄዳለሁ! የሆስፒታል ሰው በቃሬዛ ሲገባ ምን ይባላል?" ልቆም ሞከርኩ፤ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነብኝ። ጋሽ ጋልታ ጎንበስ አለና፣ "ዶክተር፣ ዛሬ ዝም በል። ዛሬ እግር እኛ ጋ ነው" አለኝ። አነሡኝ።

ያን መንገድ ስንት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ሰማዩን ግን አይቼው አላውቅም ነበር! የእንሰት ቅጠል ያልፋል፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ያልፋል፣ በጉሙ መሃል ትንሽ ሰማያዊ ቀዳዳ ትከፈትና ትዘጋለች። መንገዱ ከሥሬ እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ እኔ ግን አልራመድም። መዝሙሩም ተጀመረ። ልጅ ሆኜ ከአሪ ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት ቋንቋ ነው፤ "ይሸከመናል፣ አይጥለንም" ይላል። ቀጥለው ስሜን አስገቡበት፤ "ተስፋዬን ይሸከመዋል፣ አይጥለውም።" ጌታ ይባረክ! በቀለድኩበት መዝሙር ውስጥ ቦታ ሰጡኝ!

ሲቀያየሩ ይታወቀኛል፤ ትከሻ ሲወጣና ትከሻ ሲገባ ቃሬዛው ነቅነቅ ይላል። በግርጌዬ ይቀየራሉ፣ በግራዬ ይቀየራሉ። በቀኝ ራስጌዬ በኩል ያለው ግን አይቀየርም። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ ሲያነሡት፣ ውኃው ሲጮኽ፣ ሦስቱ ማዕዘን ይወዛወዛል፤ ያ ማዕዘን ግን ንቅንቅ አላለም። ማን እንደሆነ ለማየት ልዞር ብል አንገቴ አልታዘዝ አለኝ። ትንፋሹን ግን ጆሮዬ አጠገብ እሰማ ነበር፤ የደከመ ሰው ትንፋሽ አልነበረም። ወገኖቼ፣ ደስታውን እንዴት ልንገራችሁ! ፍርሃቴ እዚያው ወንዝ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

ሆስፒታል ስንደርስ ራሴን አላውቅም ነበር። ዶክተሩ እናቴን፣ "ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል። የምንችለውን እናደርጋለን፤ እርስዎ ግን ይበርቱ" አላት። እኛ ሐኪሞች "ይበርቱ" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን። እናቴም ታውቃለች። እነ ጋሽ ጋልታ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ከተማው መሃል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ፣ የሚግጡት ከብቶች መሃል፣ ከብት ጠባቂ መስለው ተቀምጠው ይጸልዩ ነበር።

ነቃሁ! ዶክተሩ "እጄን ጨብጥ" አለኝ፣ ጨበጥኩት። "መድኃኒቱ ይዞለታል" አላት እናቴን። ዓይኔን ገልጦ አየና፣ "እንዲህ ሆኖ የተነሣ ሰው ግን አላየሁም" አለ። መድኃኒቱንም የሰጠ ጌታ ነው፤ እኔ ሐኪም ነኝ፣ መድኃኒት አትናቁ። ነገር ግን ገና አልጨረስኩም።

ጋሽ ጋልታ ሊጠይቀኝ ሲገባ፣ "በቀኝ ራስጌዬ በኩል የያዘኝ ማን ነበር? ላመስግነው" አልኩት።

"መቼ?"

"መንገዱን በሙሉ። ሳይቀየር የመጣው ሰው።"

አሰበ። "ሳይቀየር የመጣ ሰው የለም፣ ዶክተር። ሁላችን ተቀያየርን። እዚያ ጋ እኔም ነበርኩ፣ ሌላም ነበር። ብዙ ሰው ነበር።"

"አይደለም፤ አንድ ሰው ነው።"

እጄን ያዘኝ። ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ የእኔም። ስም የጠራ የለም፤ መጥራትም አላስፈለገም። "እንግዲህ ይሸከመኝ" አልኩት። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የተኛው የቀበሌ ሊቀመንበር ስለነበር በሹክሹክታ ጸለይን። ሃሌሉያውን እንኳ በሹክሹክታ!

ተመርቄ ወደዚሁ ተመለስኩ። ጋሽ ጋልታ ግን ይህ ቤት ሲከፈት አላየም፤ ባለፈው ክረምት ታመመ። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ጉም አወረድነው። እኔ በቀኝ ራስጌው ገባሁ። ያገኘን ሁሉ "ዶክተር፣ ተቀየር" ይለኛል፤ አልሰጥም አልኩ። ትከሻዬ ተላጠ። ጋሽ ጋልታ ሰማዩን ሲያይ ቆየና ሳቀብኝ።

"ዶክተር፣ አንተ ደክመሃል፤ ትንፋሽህ ይሰማኛል። በግራ ያለው ግን ምንም አልደከመም። እሱ ማን ነው?"

ወደ ግራ አየሁ። በዚያ በኩል ሰዎች ሲቀያየሩ ነበር የመጡት።

"አውቀዋለሁ፣ ጋሽ ጋልታ" አልኩት። "እኔንም እሱ ነው ያወረደኝ።"

ከጥቂት ቀን በኋላ በሰላም ወደ ጌታው ሄደ። እናፍቀዋለሁ፤ በተለይ ዛሬ እናፍቀዋለሁ።

እዚህ ውስጥ "እኔ እግር አለኝ" የምትል ወንድሜ፣ እኅቴ፣ እግር ጥሩ ነው፤ ጋሽ ጋልታም ብሏል። ግን መሬቱ እስኪነሣባችሁ አትጠብቁ። ዛሬውኑ ራሳችሁን ስጡትና ይሸከማችሁ። አይጥላችሁም፣ አይደክመውም፣ ትከሻውንም ለሌላ አይሰጥም። ስሙ ይባረክ!

አሁን ያንን መዝሙር በአሪኛ የሚያውቅ ያንሣልን። በሹክሹክታ ግን አይደለም።