የአባቱን ዋንጫ የቀዳሁለት ልጅ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ላይ የሚካኤል ማኅበር ነበረን። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ በአሥራ ሁለት እንሰበሰባለን። አንዱ ማኅበርተኛ የቀበሌ ሊቀ መንበር ነበር፤ ጠዋት ሰብስቦን ማኅበር ኋላ ቀር ነገር ነው ይለናል፣ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ከሁላችን በላይ ይጠጣል። እኔ አሳላፊ ነበርሁ። ከፊደል ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ ጠላ መቅዳት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም ብለው ሰጡኝ።

ከመካከላችን አንዱ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ሞተ። የማኅበር ወግ እንዲህ ነው፤ አባት ሲሞት ቦታው ለልጁ ይተላለፋል። ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ አሥረኛ ክፍል ነበር። በአባቱ ቦታ አስቀመጥነውና የአባቱን ዋንጫ ሞልቼ ሰጠሁት። ቀመስ አድርጎ መለሰው።

«ጨልጠው እንጂ፣ የአባትህ እኮ ነው» አለው ሊቀ መንበሩ።

«ሐዘን ያወጣል» አለ ሌላው።

ጨለጠው። ደግሜ ቀዳሁለት። ያጽናናነው መስሎን ነው። ልጅ በአባትህ ተብሎ የተሰጠውን እንዴት አድርጎ እምቢ ይላል?

በሦስተኛው ወር ሳንለምነው ይጠጣ ጀመር። በአምስተኛው አረቄ ቤት ታየ ተባለ፣ ትምህርቱንም ተወ። እኛም ሐዘኑ ገና አልወጣለትም ብለን ጨመር አደረግንለት።

እንጀራዬ ታንኳ ነበር። ከሐይቁ ዳር ደንገል አጭጄ እሠራለሁ፣ ከዘጌ እንጨት አመላልሳለሁ። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ታንኳዬን ለማድረቅ አቁሜ ስቀመጥ ልጁ መጣ። አረቄ አረቄ ይሸታል። ደብተሮቹን በገመድ አስሮ ይዟል።

«ጋሼ፣ እነዚህን ለልጅዎ ይስጡልኝ። ቦታዬንም ለሌላ ሰው ስጡት፤ ከእንግዲህ አልመጣም።»

«ወዴት ልትሄድ ነው?»

«የትም።»

ይህን ሲል ሐይቁን ያያል። ሐይቁን ማየት ክፋት የለውም፤ እኔም ቀኑን ሙሉ አየዋለሁ። የእሱ አስተያየት ግን ደስ አላለኝም። ቃሉን ብጠራው ነገሩን የማመጣበት መሰለኝ። ቢሆንም ጠየቅሁት።

«ራስህን ልታጠፋ ነው እንዴ?»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ስጠጣ ነው የሚመጣብኝ» አለ። «ሳልጠጣ አዝናለሁ እንጂ እንዲህ አላስብም። ሳልጠጣ ደግሞ እንቅልፍ የለኝም።»

ምክር አላውቅም። ደንገል አቀበልሁትና «ያዝልኝ» አልሁት። አብሮኝ ሲያስር ዋለ። ያሰረው ሁሉ ይፈታል፣ እኔ መልሼ አስራለሁ። ስካሩ ሲበርድለት ወደ እናቱ ይዤው ሄድሁና የነገረኝን እዚያው እሱ ፊት ነገርኋት።

አልጮኸችም። «ልጄ እዚህ ቤት መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። መጀመሪያ ያጠጣው ማን ነው?» አለች።

ማኅበሩ ልል ነበር። ለአሥራ ሁለት ሲካፈል ጥፋት ይቀላል።

«እኔ ነኝ» አልሁ።

«እንግዲያው አያ፣ እርስዎው ይጠብቁት።»

በሚቀጥለው ማኅበር ጠላውን ትቼ የማያሰክር የማር ብርዝ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ለራሴ፣ ቀጥሎ ለልጁ ቀዳሁ።

«ማኅበር በብርዝ?» አለ ሊቀ መንበሩ። «ታቦቱ ምን ይለናል?»

«ታቦት መፍራት ከመቼ ወዲህ ነው የጀመርኸው?» አሉት የማኅበራችን ቄስ። ዋንጫቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ሊቀ መንበሩም ጥቂት አኩርፎ ዘረጋ፤ ጣፋጭ ነው ብሎ ሦስት ጠጣ።

ልጁ በአንድ ቀን አልዳነም። ክረምቱን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ከእናቱ ደጅ እየወሰድሁት ደንገል ስናስር እንውላለን። አንዳንድ ቀን አረቄ ይሸታል። ያን ጊዜ ያንኑ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። «ዛሬስ የለም» ካለ ሥራችንን እንቀጥላለን። «አዎ» ካለ ከዓይኔ አይርቅም፣ ማታም እናቱ እጅ አስረክቤው እመለሳለሁ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ከደጃቸው ስደርስ እናቱ ብቻዋን ግቢ ትጠርጋለች።

«ልጁስ?»

«የለም። ሳይነጋ ተነሥቶ ወጣ።»

ሐይቁ ትዝ አለኝና ደጃፉ ላይ ተቀመጥሁ። እሷ አንድ ጥግ ጠርጋ ጨረሰችና ቀና አለች።

«ትምህርት ቤት ነው የሄደው፣ ሊመዘገብ። ሰልፉ ይረዝማል ብሎ።»

ይህን ቀድማ ብትናገር ምን ነበረበት። ከደጃፉ ተነሥቼ ወደ ሥራዬ ሄድሁ።