ከመርዶው በፊት ያየነው ፊልም

ወንድሜ ለጉብኝት ደሴ ሄዶ እዚያው አረፈ። ኦክላንድ ያለው አበሻ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ የዋልኩበት አንድ ዓርብ አለ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ከሥራ ነጻ የሚሆነው ቅዳሜ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ መጥተው ሊያረዱኝ ተማክረዋል። እስከዚያ ወሬው ጆሮዬ እንዳይገባ እንድትጠብቀኝ የታዘዘችው ልጄ ነበረች። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ዓርብ ኦፍ ነኝ። ልጄም ከሥራ ቀርታ ሳን ሊያንድሮ አፓርትመንታችን ውስጥ አብራኝ ዋለች። ስልኬን "ቻርጅ ላድርግልሽ" ብላ ወሰደችው። መጋረጃውን ዘጋችና "ማሚ፣ ያንን የጣሊያን ፊልም እንይ" አለችኝ።

ያ ፊልም የወንድሜ ነው። የእሱ ስል ሠርቶታል ማለቴ አይደለም፤ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ በተማሪነቱ፣ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት አይቶት ከዚያ ወዲህ ሲያወራው ኖሯል። ጡረታ ወጥቶ ሳን ሆዜ ከተቀመጠ በኋላማ እሑድ ምሳ በበላን ቁጥር ነው። ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ገዳይ፣ ግድያውን ያየ መንገደኛ፣ እንደ ቲማቲም ድልህ የቀላ ደም።

"የሚያስፈራው ደሙ አይደለም" ይላል ጣቱን ቀስሮ። "ሰውዬው ገዳዩን በዓይኑ አይቷል። ያየው ምን እንደሆነ ግን አልገባውም። እስኪገባው ድረስ ነው ፊልሙ።"

ልጄን ገና ሃይስኩል ሳለች ልክፍቱን አጋባባት። አዲስ የሚያስፈራ ፊልም በወጣ ቁጥር ይደዋወላሉ። ይቺ ቀይ መብራት ከዚያ የተሰረቀች ናት፣ ይህ የሕፃን ዜማ ከዚያ የመጣ ነው ሲባባሉ ያመሻሉ፤ እሷ በእንግሊዝኛ፣ እሱ በአማርኛ።

እኔ ግን ፊልሙን አንድም ቀን ጨርሼው አላውቅም ነበር። ያን ዕለት መሀል ላይ ስንደርስ በር ተንኳኳ። ፎቅ ላይ ያለችው የወሎ ጎረቤታችን ናት፣ አንድ ድስት ሾርባ ይዛ። ያለወትሮዋ አልገባም አለች። ዓይኔን ሳታይ "ብዪ፣ ዛሬ በደንብ ብዪ፤ አብሽሪ እሺ" ብላኝ ሄደች። ምን ነካት እያልኩ ተመለስኩ።

ልጄ እያለቀሰች ነው። ፊልሙ ውስጥ ሰውዬው መንገድ ከመሻገር በቀር ምንም አላደረገም።

"ማን ሞተ ብለሽ ነው የምታለቅሺው?" ብዬ ሳቅሁባት።

"አስፈራኝ" አለች። አቅፌ አባበልኳት። ከዚያ በላይ ማየት አልቻለችም፤ አጠፋነው።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ መጡ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ሁለት ጉልበታም ሴቶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙ። የወንድሜ የተማሪ ቤት ጓደኛ የነበሩት ትልቁ ሽማግሌ "ልጄ፣ ወንድምሽ አርፏል" አሉኝ።

"እሺ" አልኳቸው።

እሺ ብቻ። ጩኸትም እንባም አልመጣ። ሴቶቹ የሚይዙት ሲያጡ ክንዴን ለቀቁት።

"አልቅሺ እንጂ! በሆድ ሲቀር እኮ ያማል።"

"ተያት፣ ደንግጣ ነው።"

"ምኑን ደነገጠች? ወንበር እያደለች!"

እውነት ነው፣ ወንበር እያደልኩ ነበር።

ለቀስተኛው ሲበተን ልጄ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ። "ሶሪ ማሚ። አትንገሪ አሉኝ።"

"እሱንስ ተይው። ሌላ ፊልም ጠፍቶ ነው?"

"አንቺ ቁጭ ብለሽ የምታዪው የእሱን ብቻ ነው" አለችኝ በእንግሊዝኛ። ልክ ናት።

በኋላ ፊልሙን ጨረስነው። ገዳዩ ታወቀ። ምንም አልተሰማኝም። ዓመታት አለፉ፤ ልጄ አዲስ ፊልም ባሳየችኝ ቁጥር ይህ የዚያ ፊልም ልጅ ነው፣ ያኛው የልጅ ልጁ ነው እያለች ዘሩን ትቆጥርልኛለች። "እህ" እላለሁ። እንባዬ ግን እስካሁን አልመጣም። ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

የእኛ ሰው ደግሞ ይህን ጥንካሬ ነው አለው። ኦክላንድ ውስጥ ቴሜስካል ሰፈር የምትኖር አንዲት ሴት እናቷ ሲሞቱባት፣ እኚያው ሽማግሌ ደወሉልኝ።

"ልናረዳት ነው፣ አብረሽን ነይ። ሌሎቹ ገና ከደጅ እያለቀሱ ነገር ያበላሻሉ። አንቺ ትችይዋለሽ።"

ሄድኩ። ሴትዮዋ በሌሊት ልብሷ፣ የጥርስ ብሩሽ እንደያዘች በሩን ከፈተች። "ውይ፣ በጠዋቱ! ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቱ እንኳ አልተስተካከለም" ብላ፣ እንድንቀመጥ ሶፋው ላይ የተከመረውን የታጠበ ልብስ ታነሳ ጀመር። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ያነሳችውን አንሶላ በአንድ ጫፍ ያዝኩላት። አጥፈን እስክንጨርስ ጠበቁን።