የማን ጠበል ነው?

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ባሕር ማዶ፣ ኦቴሎ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት መኖር ከጀመረች አራተኛ ወሯ ነበር። ጉልበቷ አልቋል። ሐኪሙ በኦፕራሲዮን ይቀየር ቢልም አሻፈረኝ አለች። ምክንያቷን ስጠይቃት መልሷ «ይቆየኝ» ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል አልፈጠረብኝም፤ ደረጃ በወጣች ቁጥር እነዘንዛታለሁ፣ አንዳንዴም እጮህባታለሁ። ሐኪም ቤቱ ቁርጡን እንድንነግረው የሰጠን ቀን ሰኞ ነበር።

እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ባሕር ላሳይሽ ብዬ አልካይ የሚባለው ዳርቻ ወሰድኳት። ኅዳር ነው፤ ካፊያው አላባራም፣ ነፋሱ ፊት ይገርፋል። መንገዱ ዳር ፓርክ አደረግኩ። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ስምንት የሚሆኑ አሮጊቶች በዋና ልብስና በሱፍ ኮፍያ እየተሳሳቁ ውሃው ውስጥ ሲገቡ አየን። እኔ በኀፍረት ተሸማቀቅኩ። በነጠላዋ ዓይኗን ትሸፍናለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ እቴ! ጭራሽ መስኮቱን አስከፈተችኝ።

«የማን ጠበል ነው?» አለችኝ።

ጠበል አይደለም፣ ለደስታቸው ነው የሚዋኙት ብላት አላመነችኝም። በዚህ ብርድ ያለ በሽታ ማን ውሃ ይገባል? ቄሱስ የት አሉ? ባዶ ሆዳቸውን ነው የመጡት? ጥያቄዋ ማብቂያ የለውም። ደግሞ እውነቷን ነው፤ እኔ በዚያ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን ቆሜ ለምን እንደሚገቡ ጠይቄ አላውቅም።

ክንዴን ይዛ እያነከሰች ወረደች። አንዷ እየተንቀጠቀጠች ከውሃው ወጣች። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ፊቷ ግን ፈክቷል። ዕድሜዋ ከእናቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። የእናቴ ዓይን ያረፈው የሴትዮዋ ጉልበት ላይ ነው፤ በሁለቱም ላይ ከላይ እስከ ታች የተሰፋ ጠባሳ አለ።

ጠይቂልኝ አለች፤ ጠየቅኩ። አዎ፣ ሁለቱም ተቀይረዋል። መጀመሪያ ክፉኛ ያማል፤ አሁን ግን ደረጃ ትወጣለች፣ በየሳምንቱም ባሕር ትገባለች። ሴትዮዋ ፎጣዋን ተከናንባ ደስ እያላት ትመልሳለች። እናቴ ጎንበስ ብላ ጠባሳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተንበርክካ መስገድ ትችላለች?»

ለካ አራት ወር ሙሉ «ይቆየኝ» ያለችው ለዚህ ኖሯል! ሴትዮዋን ጠየቅኳት። መንበርከኩን ሞክራው ስላመማት እንደተወችው ነገረችኝ። እናቴ አፍ አፌን ታያለች። ይህን ከሰማች እሺ አትልም፤ ዓመት ሳይሞላ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ትቀመጥብኛለች ብዬ ፈራሁ።

«ትችላለች» አልኳት። «እንደ ልቧ ነው የምትሰግደው።»

እናቴ ለሴትዮዋ እጅ ነስታ ወደ መኪናው ተመለሰች። ቀበቶዋን አሰርኩላት።

«ሴትዮዋ ራሷን ግራና ቀኝ ስትነቀንቅ አይቻታለሁ» አለች። «ከቅዳሴ በመጣ አፍሽ ዋሸሽኝ።»

ቁጣዋን ስጠብቅ እጄን ያዘችኝ።

«ስትጮሂብኝ የሰለቸሁሽ መስሎኝ ነበር። ፈርተሽ ነው ለካ። በይ ነገ ደውይላቸው፤ ቆሞም ይሰገዳል።»