የሦስተኛው ቀን ስልክ

ከወሎ ለትምህርት መጥቼ መቀሌ የቀረሁ ነርስ ነኝ። የምሠራው አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ የሕፃናት ተመላላሽ ክፍል ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሳል፣ ትኩሳትና ተቅማጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዶክተር ጥናት ይዞብን መጣ። ያኔ የሳንባ ምች መድኃኒት የታዘዘለት ልጅ ሁሉ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ እንዲታይ ይቀጠር ነበር። ዶክተሩ ሊያውቅ የፈለገው ቀጠሮው ልጆቹን ይጠቅማል ወይስ ወረፋ ብቻ ያበዛል የሚለውን ነው። ጥያቄው መጥፎ አልነበረም። ልጅ ታቅፋ ኮሪደር ላይ የምትውል እናት ያየ ሰው እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በጥናቱ የገቡት ልጆች ሳይቀጠሩ ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ በሦስተኛው ቀን እኔ ለእናቶቻቸው እደውላለሁ። "ሕፃኑ እንዴት ነው?" ስል "ተመስገን፣ ደሓን እዩ ሓፍተይ" ይሉኛል፤ ደህና ነው እህቴ ማለታቸው ነው። "ተሽሎታል" የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወደሚቀጥለው ስልክ አልፋለሁ።

የዚህን መልስ ነገር የማላውቅ ሰው አይደለሁም። ለማያውቁት የቢሮ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምስጋና ነው፤ በሽታው የሚወራው ከስንት ጥያቄ በኋላ ነው። የገዛ እናቴ አልጋ ላይ ወድቃ እንኳ "ደህና ነኝ፣ አንቺስ?" የምትል ሴት ናት፤ እውነቱን የማወጣው ደጋግሜ ጠይቄ ነው። እነዚያን እናቶች ግን አንዴ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ። ስንፍና ነው፣ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ቅጹ ላይ ለሁለተኛ ጥያቄ የሚሆን ቦታም አልነበረም፤ ያ ደግሞ ተመቸኝ።

ጥናቱ አለቀና ልጆቹ ሳይመለሱም በደንብ ይድናሉ ተባለ። ዶክተሩ ውጤቱን ስብሰባ ላይ ሲያቀርብ ተጨበጨበለት፣ እኔም አጨበጨብኩ። ብዙም ሳይቆይ በክፍላችን ቀጠሮ መስጠት ቀረ፤ "ከባሰበት ይምጣ" የሚል መመሪያ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ወረፋው ቀለለ፣ እኛም ምሳችንን በሰዓቱ መብላት ጀመርን።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ዓመት ያልሞላውን ልጇን አዝላ ከከተማው ዳር፣ ከኲሓ በሚኒባስ መጣች። ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ የምታቀብል የቀን ሠራተኛ ናት። የልጁን ትንፋሽ ቆጥሬ የሳንባ ምች መድኃኒቱን ሰጠኋት።

"መቼ ልመለስ?" አለችኝ።

"ከባሰበት አምጪው።"

የሆነ ነገር ልትል ፈልጋ ቆም አለች። እኔ ግን ቀጣዩን ካርድ አንስቼ ስም እየጠራሁ ነበር። ተወችው፣ ወጣች።

በሰባተኛው ቀን ይዛው ስትመጣ የልጁ ከንፈር ጠቁሯል። ኦክስጅን አደረግንለት፣ አምቡላንስ ጠራን። አምቡላንሱ ሳይደርስ ልጁ ሞተ።

በማግስቱ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። ቅጾቹን እንዴት እንደሞላሁ አንድ በአንድ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ "አሁን ይህን ማን ይሰማናል? መመሪያው እኮ ወጥቷል" አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን በምን አፌ እናገራለሁ? ምልክቱን ሁሉ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ከወራት በኋላ ያቺው እናት ትልቋን ልጇን ይዛ መጣች። ያው ሳል ነው። ዓይኗን ማየት አቃተኝ፤ ጎንበስ ብዬ ጻፍኩ፣ ጎንበስ ብዬ መድኃኒቱን ሰጠኋት። ከወንበሩ አልተነሳችም።

"ሓፍተይ፣ ቀን ጻፊልኝ" አለች።

"አሁን ቀጠሮ አንሰጥም፣ እህቴ።"

"ቀን የተጻፈበት ወረቀት ካላሳየሁት የሥራው ፎርማን አይለቀኝም። ያኔም በሦስተኛው ቀን እንደባሰበት አይቻለሁ። ለመንኩት። ቀጠሮ ካለሽ ወረቀቱን አምጪ አለኝ።" ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የዚያን ቀን ልነግርሽ ነበር፤ ሥራ በዝቶብሽ ነበር።"

ካርዱን ገልብጬ የሦስተኛውን ቀን ጻፍኩላት፣ ማኅተም መታሁበት። አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው፣ ልጅቷን አቅፋ ወጣች። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።