የዱላዎቼ ኑዛዜ

ዱላ መሰብሰብ መቼ እንደጀመርኩ ብትጠይቁኝ አላውቀውም። ሰው ማርጀት የጀመረበትን ቀን ያውቃል እንዴ? እንደዚያው ነው። አንድ ቀን ቀና ብዬ ሳይ ከደጃፉ እስከ ጓዳው መግቢያ ግድግዳው ዱላ ብቻ ሆኗል። ብቆጥራቸው ሠላሳ አንድ።

በእኛ በራያ ቆላ ወንድ ያለ ዱላ ከቤቱ አይወጣም። ግን የሚይዘው አንድ ነው፤ ቢበዛ ሁለት፣ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለከብት። እኔ ደግሞ ደህና እንጨት ካየሁ ዓይኔ እዚያው ይቀራል። ወይራ ነበረኝ፣ ክትክታ ነበረኝ፣ አንገቱ ላይ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ሽመል ነበረኝ፣ ከአንድ አፋር በፍየል የለወጥኩት፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ጥቁር ዱላም ነበረኝ። ልመታባቸው አልነበረም። እኔ እንኳን ሰው በሬም ስመታ እጄ አይጠናም። በዓመት ሁለት ጊዜ አወርዳቸውና ቅቤ ቀብቼ፣ ጭስ አሙቄ መልሼ እሰቅላቸዋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ባለቤቴ ዱላውን ሳይሆን ቅቤውን ነበር የምታየው።

«እንግዳ ሲመጣ ቅቤ የለም፤ እንጨቱ ግን ይወዛል» ትላለች።

ነገሩ የተነሳው በደርግ ጊዜ፣ መሠረተ ትምህርት ወደ እኛ በመጣበት ሰሞን ነው። በወሎ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የገባበት የቀባሪ ማኅበር ማለት ነው። ታዲያ ለቅሶ ቤት ሲኬድ እያንዳንዱ አባወራ አንድ ሸክም እንጨት ይዞ ይሄዳል፤ ለእንግዳው ምግብ የሚበስልበት። አንድ ጎረቤታችን በክረምት ሞተና ቅሬው የወሰደው እንጨት ሁሉ እርጥብ ሆነ። ባለቤቴ ከዚያ ስትመለስ ዓይኗ በጭስ በርበሬ መስሏል። ገብታ ተቀመጠች፤ ግድግዳውን አየት አደረገችና፣

«እኔስ እንዲህ አልቸገርም» አለች።

«ምኑን?»

«አንተ ስትሞት ነዋ። ይኸው ሠላሳ አንድ ደረቅ እንጨት፣ ያውም ቅቤ የጠጣ። ክብሪት ገና ሲያይ ነው የሚነደው።»

«ቀልድሽን ነው አይደል?»

«ወላሂ አልቀለድኩም!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላሜን አጣሁ። ሞቱን አይደለም፤ ሞት የአላህ ነው፣ ሲመጣ ይመጣል። እኔን ያስጨነቀኝ በራሴ ሰደቃ፣ በራሴ ወይራ፣ ንፍሮ ሲቀቀል ነው። ዓይኔን ስጨፍን ጥቁሩ ዱላዬ ከጉልቻው ሥር ሆኖ ጫፉ ሲንተከተክ ይታየኛል።

እናም መላ ፍለጋ ጀመርኩ። ልጄ አሰብ ወደብ ጫኝ ነበር፤ ለበዓል ሲመጣ «ዱላዎቹን አንተ ትወርሳለህ» ስለው፣ «አባባ፣ እዚያ እኮ ቀኑን ሙሉ እንጨት ነው የምሸከመው፤ ስሞትልህ አንተ ደግሞ አታሸክመኝ» አለኝ። ወደ መስጊዳችን ሸህ ሄድኩ። ለመስጊድ ልስጥ ብዬ። ሸሁ ጺማቸውን እያሻሹ፣ «ሠላሳ ዱላ ለመስጊድ? ሰጋጁን ልነዳበት ነው?» አሉኝ።

በመጨረሻ መላ ያገኘሁት ከትምህርቱ ነው። ማታ ማታ ፊደል የምታስቆጥረን አንዲት የከተማ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን «ቤታችሁ ያለውን ዕቃ ጽፋችሁ ኑ» አለችን። ሌላው ገበሬ «ማረሻ፣ ድስት፣ ጆንያ» ብሎ መጣ። እኔ ዱላዎቹን ጻፍኩ። ስጽፍ ግን እጄ በዚያው ቀጠለ፤ ከየዱላው ጎን ስሞት ማን እንደሚወስደው አብሬ ጻፍኩ። ሽመሉን ለአንጥረኛው፣ ሽቦውን የጠመጠመልኝ እሱ ነዋ። ጥቁሩን ለቆቦው ሻይ ቤት ባለቤት፣ ሁልጊዜ ዓይኑን ይጥልበታልና። እያልኩ፣ እያልኩ፣ ሠላሳ ሰው ሞላ። አንዷ ብቻ ቀረች፤ እሷን ማንም አይፈልጋትም፣ መሃሏ የተጣመመ፣ መጀመሪያ የያዝኳት ዱላ ናት። ለሽምግልና ወደ ባለቤቴ አባት ቤት የሄድኩት እሷን ይዤ ነው። ባለቤቴ ያኔ በቀዳዳ አይታኝ፣ «ይሄ ሰውዬ እባብ ይዞ ነው የመጣው» ብላ ለእህቶቿ ነግራለች አሉ።

ልጅቱ ደብተሬን አንብባ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ኧረ እኔ ደህና ነኝ ልጄ። የሰጋሁት ለነሱ ነው።»

ያንን ወረቀት ቅሬው በተሰበሰበበት ቀን አነበብኩት። በሕይወቴ በሰው ፊት ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ የራሴ ኑዛዜ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው «ጀባ!» አልኩ፤ በእኛ አገር ጀባ ከተባለ የተሰጠው ነገር ከነምርቃቱ ነው። ከዚያ አንዲት ቃል አስገባሁ፦ «እሳት ከመንደዱ በፊት ሁሉም የየራሱን ያውርድ።» ሸሁ ዱአ አደረጉ፤ ሕዝቡ አሚን አለ። ባለቤቴ ከሴቶቹ መሃል ሆና አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ስትስቅ ነበር መሰለኝ።

ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጤናዬ የሰፈር ጉዳይ ሆነ።

አንጥረኛው ድሮ በሰላምታ ያልፈኝ የነበረው አሁን ቆም ብሎ፣ «ያ ሳልህ እንዴት ሆነልህ?» ይለኛል።

«ሻል ብሎኛል፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ተሻለህ?» ይላል። ፊቱን አይቼ ይቅርታ ልጠይቀው ምንም አልቀረኝ።

ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በበቅሎ ካልሆነ አይንቀሳቀሱም። «ለእኔስ የትኛውን ነው?» ብለው ድርቅ አሉ።

«አያ፣ እርስዎ እኮ በዕድሜ አባቴ ነዎት።»

«ታዲያስ? ሞት እንደ ቀበሌ ሰልፍ በተራ ነው ያለህ ማነው?»

ምን ላድርግ? ለወይራው የታሰበውን ሰው ለልጄ ወደጻፍኩትና እሱ ወደማይፈልገው ክትክታ አዛወርኩና ወይራውን ለእሳቸው ጻፍኩት። ከሁሉም የምወደው እሱን ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበርም ሰምቶ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ግድግዳዬን አየ።

«ጓድ፣ ይሄን ሁሉ ዱላ ያዘጋጀኸው ለምንድን ነው?»

«ለሞቴ ነው።»

«ማን ሊገድልህ?»

ረጋ ብዬ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና፣ «ትርፍ ቤት ተወርሷል፤ ስለ ትርፍ ዱላ ግን አዋጅ አልወጣም» አለ። ሄደ ብዬ ስተነፍስ ከበሩ ተመለሰ። «ያቺ ቀላ ያለችው ተይዛለች?» አለኝ። እሱንም ጻፍኩት፤ ዝርዝሩ ላይ የነበረ አንድ የአክስቴ ልጅ ተቀይሞኝ ከረመ።

እንግዲህ ወደ ሞቴ ልምጣ።

ማሽላው አሽቶ ሰው በማይታይበት ወር፣ ዋጃ ገበያ አንድ አፋር ልዩ ዱላ ይዞ መጥቷል የሚል ወሬ ሰማሁ። ለባለቤቴ «ዋጃ የአህያ ዋጋ ልጠይቅ ነው» ብዬ ወይራውን ይዤ ሄድኩ። አፋሩ ዱላውን ሊለውጥ ቀርቶ ሊያስነካኝም አልፈለገ። ገባኝ፤ እኔም አላስነካም። ወደ እኛ ወደ ቆቦ የሚመለስ የጭነት መኪና አገኘሁና እንደ ወጉ ዱላዬን ከጭነቱ ላይ አጋደምኩ። ዱላ የተጋደመበት ቦታ የተያዘ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። ከዚያ የዐስርን ሶላት ልሰግድ ወረድኩ። ገና ሱጁድ ወርጄ ግንባሬ መሬት ላይ ሳለ ወታደር መጥቶ የጦር ኮንቮይ ሊያልፍ ነው፣ መንገዱ ይዘጋል አለ። ሾፌሩ ሳይዘጋበት ነድቶ ሄደ። እኔ ዋጃ፣ ዱላዬ ቆቦ።

ረዳቱ ቆቦ ሲደርስ ባለቤት የሌለው ዱላ አገኘ። መልካም ሰው ነበር፤ ሳይወስደው ሻይ ቤቱ ደጃፍ አቁሞት ወደ ወልድያ አለፈ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሲወጣ ወይራውን አየ። ሌላ አገር ቢሆን «ዱላ ረስቶ ሄደ» ይባላል። በእኛ አገር ግን ሰው በሰው አገር ሲሞት ከጀናዛው ቀድሞ ወደ ቤቱ የሚገባው ዱላው ነው። በዚያ ላይ የእኔ ዱላ! ሰውየው የያዘውን ብርጭቆ ጣለው አሉ። «ያ ሰው በሕይወቱ ከዚህ ዱላ አይለይም» ብሎ ጮኸ፤ የሰማ ሁሉ እውነቱን ነው አለ።

ቅሬው ተጠራ። ጀናዛዬን እንዲያመጡ ሁለት ሰዎች በእግር ወደ ዋጃ ተላኩ፤ ወታደሮቹ መንገድ ላይ አስቀሯቸው።

እኔ ያን ቀን በእግሬ መምጣት እችል ነበር። ግን ያለ ዱላ? ራቁቴን የመሄድ ያህል ነው። ሰው ቤት አደርኩና በማግስቱም መንገዱ አልከፈት ሲል፣ ከአንድ ገበሬ አንድ ጥንቅሽ ለምኜ እሱን እየተመረኮዝኩ በማሽላው መሃል ለመሃል አቋረጥኩ። ሲርበኝ ከላይ ከላዩ እየላጥኩ እመጠዋለሁ፤ ሰፈሬ ስደርስ ዱላዬ ከጉልበቴ በታች ሆኖ ነበር።

ከማሽላው ብቅ ስል ደጄ ላይ ሰው ተቀምጧል። ባለቤቴ የሞተች መሰለኝ። ከዳር ከተቀመጠው ሰው አጠገብ ዘጭ አልኩ።

«ማነው የሞተው?»

ሰውየው ወደ መሬት አቀርቅሮ ነበር። «ባለ ዱላው ነዋ፣ አላህ ይማረው» አለና ዞር አለ። አንጥረኛው ነው። ያየሁትን አልረሳም፤ ሲደነግጥ መጀመሪያ ጥብቅ አድርጎ የያዘው እጄን አይደለም፣ ሽመሉን ነው።

ያኔ ቀና ብዬ አየሁ። ሠላሳ ሰው ተቀምጧል፤ ሠላሳው ዱላ በየጉልበቱ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልተቀያየረም። እሳቱ ገና ሊነድ ሲል ሁሉም እንደ ቃሌ የየራሱን አውርዷል። ግድግዳ ላይ ሆነው እንደዚያ አምረው ታይተውኝ አያውቁም።

ጩኸቱ ሲነሳ ባለቤቴ ከጓዳ ወጣች። እጇ ላይ ያቺ ጠማማ አለች። አየችኝ፤ ጥንቅሹን አየችው፤ መጥታ ጀርባዬን በዱላው ጧ አደረገችኝ።

«አህያ ልጠይቅ ነው ብለህ!» አለችና እዚያው ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። ከሠላሳ አንዱ ዱላ ሰው ላይ ያረፈ እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ዱላው የማን ነው? ሊቀመንበሩ ቀድሞ ተነሳ። «ጓዶች! መሬት ለአራሹ ከተባለ ዱላም ለያዡ ነው!» ሽማግሌው ወይራውን ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ «እኔ ሰማንያ አልፎኛል፤ ይሄ ሰውዬ ሁለተኛ እስኪሞት ልጠብቅ ነው?» አሉ። ለቅሶው ሳቅ ሆነ።

ሸሁ እጃቸውን አነሱ። «ሰው በሕይወቱ እያለ ኑዛዜውን መሻር ይችላል። ንብረቱ የእሱ ነው። መልሱ ካለ ትመልሳላችሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ትላለህ?»

ሠላሳው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። መልሱ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ግን አሰብኩት። ብመልሳቸው መልሼ መስቀሌ ነው፤ ከሰቀልኳቸው ደግሞ ሁለተኛ መሞቴ አይቀርም። ያኔ እነዚህ ሰዎች ሁሉ እንዲህ ተሟልተው፣ እሳቱን ቀድመው እንደሚደርሱ በምን አውቃለሁ? ሽማግሌው ደግሞ በቅሏቸውን ሳይጠሩ፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ በወይራዬ ተመርኩዘው ቆመዋል።

«ጀባ!» አልኩ።

ሠላሳው አሚን ሲል ከማሽላው ላይ ወፉ ሁሉ ተነሳ። የታረደው ፍየል በስሏል፤ ምን ይደረግ፣ ቁጭ ብዬ የራሴን ሰደቃ በላሁ። ጨው አንሶት ነበር።

ሰዉ ከሄደ በኋላ ባለቤቴን ጠየቅኳት። «ጠማማዋን ማንም አልወሰዳት። ለምን አላነደድሻትም?»

«ጭሷ መጥፎ ነው፤ ያስለቅሳል» አለች።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት በገበያ ቀን ሻይ ቤቱ ደጅ ቁጭ ብዬ ዱላዎቼ ሲያልፉ አያለሁ። ሽመሉ ፍየል እየነዳ ወደ ጎብዬ ይወርዳል፤ ቀላ ያለችው ስብሰባ ላይ ጠረጴዛ ትመታለች። ጥቁሩ ቅቤ ሲያጣ ባለቤቱን ጠርቼ እቆጣለሁ። «ኧረ እሺ፣ ሟቹ!» ይለኛል፤ ስሜ በዚያው ሟቹ ሆኖ ቀረ።

አሁን እኔም ባለቤቴም አርጅተናል። በጠማማዋ የምትመረኮዘው እሷ ናት። ባለፈው፣ «እንዲያው እኔ ስሞት ይህቺን ምን ታደርጊያታለሽ?» አልኳት።

«አነዳታለኋ!» አለች ሳታመነታ። ቀጥላ ልትነሳ ሞከረችና ወገቧን ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች። «ግን እስከ ምድጃው የሚያደርሰኝ ሌላ ዱላ አስቀድመህ ፈልግልኝ።»

እየፈለግሁላት ነው። እስካሁን አራት አግኝቻለሁ፤ ግድግዳው ላይ ናቸው።