የአቶ ተድላ ለምለም ግድግዳ

ሱቄ ከአቶ ተድላ ቤት ፊት ለፊት ነው። ፊት ለፊት ባይሆንም ኖሮ አውቀው ነበር፤ በሰበታ ከተማ የገዛ ጠጉሩን በገዛ እጁ የሚቆርጥ ሰው እሱ ብቻ ነበርና። ከፊት ሲያዩት ደህና የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከኋላ ግን አይጥ የበላው ጆንያ ይመስላል። ጫማውንም ራሱ ይሰፋል፤ ስለዚህ ያነክሳል። የግድግዳ ሰዓቱን ራሱ ከጠገነ ወዲህ ደግሞ ሰዓቱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እኔን እንዲጠይቅ ኩራቱ ስለማይፈቅድለት ሱቄ በር ላይ እየመጣ፣ ስኳር የሚያይ መስሎ የእኔን ሰዓት ሰርቆ ያያል።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወላሂ ክፉ አልነበረም። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የሚያየው ደጅ የሚጠና ሰው ነው፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ግድግዳ ተደግፎ የሚውል ገበሬ፣ ለአንድ ፊርማ ሦስት ወር የምትመላለስ ባልቴት። ማመልከቻቸውንም የሚጽፍላቸው እሱ ነው። አንድ ቀን ክብሪት ሊገዛ መጥቶ፣ «ዲኖ፣ እኔስ የሰው ደጅ ከምጠና ሞቴን እመርጣለሁ» አለኝ። ቃሉን አክባሪ ነበር። በሰባት ዓመት ጉርብትና ከእኔ ቤት እሳት እንኳ ጭሮ አያውቅም።

የ1957 ክረምት ሰበታን አለቅጥ ደበደባት። ነሐሴ ላይ የአቶ ተድላ መኝታ ቤት ምርጊት ተገምሶ ባለቤቱ ማሪቱ ራስጌ ላይ ወደቀ። ማሪቱ ጭቃውን ከነጠላዋ አራገፈች፣ ልብሷን ጠቀለለች፣ ተጂ ከተማ ወዳለችው እህቷ ዘንድ ለመሄድ ተነሣች። አውቶቡስ ስትጠብቅ እዚሁ ሱቄ ደጃፍ ላይ ነው ለባሏ፣ «መስቀል ካለፈ በኋላ እመጣለሁ። ግድግዳው ተመርጎ ካልጠበቀኝ ዞሬ እሄዳለሁ፤ ያኔ አልመለስም» ያለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተድላ የሚገዛው ብስኩትና ሻይ ቅጠል ብቻ ሆነ። ባለሱቅ ብቻውን የሚበላ ሰው ምን እንደሚገዛ ያውቃል፤ አሳዘነኝ።

ክረምት ሲወጣ ግድግዳ መምረግ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ ደቦ ይጠራል። ታዲያ ደቦ ያለ ጠላ አይጠራም፣ ጠላ ያለ ማሪቱ አይጠመቅም፣ ማሪቱ ደግሞ ያለ ግድግዳ አትመጣም። ይህን ሳስረዳው ይጨነቃል ስል ጭራሽ ፊቱ በራ።

«አየህ!» አለኝ፤ «ራሴ ከመሥራት በቀር መላ የለውም ማለት ነው።»

«ራቢአ ምግቡን ትሥራልህ፤ ለጠላው ጠማቂ እንፈልጋለን» አልኩት። ራቢአ ባለቤቴ ናት።

«እግዜር ይስጥልኝ። ራሴ እችላለሁ።»

በእንቁጣጣሽ ማግስት ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከራባቱንና ባርኔጣውን አላወለቀም። ዳገቱ ላይ የሚያርሱት ሽማግሌው ኦቦ ነገሳ በሬያቸውን እየነዱ ሲያልፉ አይተውት ቆሙ።

«አካም ቡልቴ፣ ያ ተድላ? ማሊ ኩን? ምንድን ነው ይሄ?»

«ምርጊት ነው ኦቦ።»

«ጭቃ ሦስት ሳምንት ካልቦካ ምርጊት አይሆንም፣ ልጄ። ጭዱ እውስጡ መበስበስ አለበት። ጭድም ከእኔ ክምር ውሰድ።»

«አይቸገሩ ኦቦ፤ ጭድ አለኝ። ለማቡካት ግን ጊዜ የለኝም።»

ጭድ አለኝ ያለው ማሪቱ ለዶሮዎቿ ያስቀመጠችውን የአውድማ ጥራጊ ነው፤ ግማሹ ገለባ፣ ግማሹ ገብስ። ሁለት ጆንያ ሙሉ ገለበጠበት። በሦስተኛው ቀን ከውስጥም ከውጭም መረገው፣ በእበት ለቀለቀው፣ እንዳይሰነጠቅ ብሎም ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጨው ጀመር። እበት፣ ውሃ፣ የመስከረም ፀሐይ! ገበሬ ከዚህ ሌላ ምን ይመኛል?

በሳምንቱ ግድግዳው ጢም አወጣ። ተድላ ሻጋታ ነው ብሎ በመጥረጊያ አሸው። በመስቀል ዕለት ቡቃያው አንድ ጣት፣ ከዚያም አንድ ስንዝር ሆነ፤ ነፋስ ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ያረግዳል። ተድላ ማጭድ ይዞ መሰላል ላይ ወጣ። ግድግዳ ሲታጨድ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። የታጨደው ግን ይባስ ብሎ ተንዠረገገ። ኖራ ቀባው፤ በነጩ መሐል አረንጓዴው ብቅ አለ። ገበያተኛው ሸክሙን እያወረደ ያይ ጀመር። ኦቦ ነገሳ ቀርበው ቡቃያውን በጣታቸው አሻሹና፣ «ያ ተድላ፣ እንግዲህ አትንካው። ለኅዳር መጨረሻ ይደርሳል» አሉት። ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን የምራቸውን ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ ማሪቱ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ላከችበት። ተድላ መልእክቱን ይዞ ሱቄ መጣ። የሚለው ነገር ያለ መሰለኝና ጠበቅሁት። ምስማር ገዝቶ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ብነሣ ግድግዳውን አንሶላ አልብሶታል። ሁለት አንሶላና አንድ ጋቢ ዙሪያውን በምስማር መትቷል። «ልብስ እያሰጣሁ ነው» አለኝ ሳልጠይቀው። ሰውን ያታልል ይሆናል፤ የኦቦ ነገሳን በሬ ግን ማን ያታልል? በሬው በአንሶላው ሥር ገብቶ ገብሱን ይግጥ ጀመር። ሥሩ ጭቃውን አጥብቆ ይዞት ኖሮ በሬው ሲጎትት ምርጊቱ በሙሉ እንደ ምንጣፍ ተገሽልጦ ወረደ። ክረምቱ ያበሰበሰው ማገርም ተሰበረ፤ በሬው እስከ አንገቱ መኝታ ቤት ገባ። ቀንዱ ስለያዘው መውጣት አቃተው።

ተድላ ጭራውን ይዞ ይጎትታል፤ እኔ ሮጥኩ፣ ኦቦ ነገሳም ደረሱ።

«ላግዝህ?» አልኩት።

«ይቅር፣ ራሴ እችላለሁ!»

በዚህ መሐል ነው ማሪቱ ከተጂው አውቶቡስ ወርዳ፣ የጌሾ ጥቅል ታቅፋ ከበስተኋላችን የቆመችው። ቤቱን አየች። በሬውን አየች።

«ተድላ» አለች።

ጭራውን ለቀቀ። «ሥራው… በመፋጠን ላይ ነበር።»

ከጉያዋ ሦስት ደብዳቤ አወጣች። «ይኸው፣ ሦስት ጊዜ ጽፈህልኛል። ሦስቱም ስለ ጭቃ ነው። እኔ አንተ ምረገው መች አልኩ? ሰው ጥራ ማለቴ ነበር። ብቻህን እንደማይሆንልህ ገብቶኝ ጌሾ ይዤ የመጣሁትም ለደቦው ነበር፤ ብቅሉን ደግሞ ይኸው ግድግዳ ላይ አብቅለኸዋል።» ሳቅ ሊያመልጣት ነበር፤ ግን አልሳቀችም። «ለአገሩ ሁሉ ማመልከቻ ትጽፋለህ። ለእኔ ነይ የምትል አንዲት ቃል ጠፋች? ስምንት ዓመት አብሬህ ኖርኩ፤ አንድ ቀን ታስፈልጊኛለሽ ብለኸኝ አታውቅም። የማላስፈልግበት ቤት ምን አደርጋለሁ?»

ዞር አለች። አውቶቡሱ ገና አልተነሣም ነበር።

ተድላ ባርኔጣውን አወለቀ። ያ የተቦጫጨቀ ጠጉሩ ታየ። የወረዳው ባለጉዳዮች በፊቱ እንደሚቆሙት፣ ከተረፈው ግድግዳ ሥር ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

«ማሪቱ» አለ። «ቤቱ ባዶ ሆነብኝ። ሻይ እንኳ በወጉ ማፍላት አልቻልኩም። አልችልም ብቻዬን። እባክሽ ግቢልኝ።»

ማሪቱ ቆመች። ኦቦ ነገሳ ዓይናቸውን ወደ ዳገቱ አደረጉ። በሬው እመኝታ ቤቱ ውስጥ አንድ ጊዜ እምቧ አለ።

«መጀመሪያ በሬውን አውጡት» አለችና ጌሾዋን መሬት አስቀመጠች።

ተድላ ወደ እኔ ዞረ። ከንፈሩ ጥቂት ታገለው።

«ዲኖ… እባክህ፣ ከዚህ ጋ ያዝልኝ።»

በሰባት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው «እባክህ» ነበር። ወላሂ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እጄ የበሬ ጭራ ስለያዘ ግን መጥረጊያ አጣሁ።