የአቶ ማሞ ቀፎና ያላየናት ወፍ

መምህር ራጃን ሰኞ ጠቅልሎ ወደ ሕንድ ይበራል። ሚዛን ተፈሪ ላይ ሦስት ዓመት አብረን አስተምረናል፤ እሱ ከሕንድ፣ እኔ ከደብረ ማርቆስ መጥተን ያወዳጀን የወፍ ፍቅር ነው። ሰውን ወደ ማር የምትመራውን ወፍ ግን አንድም ቀን አላየም። ሳያያት እንዳይሄድ ቅዳሜ ንጋት 12 ሰዓት የሸኮን ሚኒባስ ያዝን።

ጉሙ ሳይገፈፍ ሸኮ ደረስን። ቁርሳችን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ ነበር። ራጃን «እኛም ቤት አለ» እያለ ሁለት ሳህን ጨረሰ። ከዚያ ባጃጁ መሄድ እስከቻለበት ሄደን፣ ቀሪውን በትልልቅ ዛፎች ጥላ ባደገው ቡና መሀል በእግራችን ገባን።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ዘዴው የእኔ ነበር፦ ወፏ ከማር አትርቅምና ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ እንፈልግ። አገኘን። የሩቅ ማያ መነጽራችንን ቀፎው ላይ ተክለን አንድ ሰዓት ያህል አንጋጠን ቆምን። ሌባ እንኳ እንዲህ በግልጽ አያጠናም።

«ምንድን ነው የምታዩት?»

ዞር ስንል ገጀራ የያዙ ሽማግሌ ቆመዋል። አቶ ማሞ ይባላሉ፤ የዛፉም የቀፎውም ባለቤት ናቸው።

«ወፍ ነው አባቴ» አልኩ።

«ወፍ ታች ሞልቷል። እናንተ ቀፎዬን ነው የምታዩት። ኑ፣ ቀበሌ እንሂድ!»

ራጃን ፓስፖርቱን ቤት ትቶ ነው የመጣው። ነገሩ እስኪጣራ እዚያው ካቆዩን አውሮፕላኑ ያመልጠዋል፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

ራጃን ግን መነጽሩን ከአንገቱ አውልቆ ዘረጋላቸው። «አባባ፣ እዩ።»

ተቀብለው ወደ ቀፎው አነጣጠሩ። ብዙ ቆዩ።

«ይገባሉ! ንቦቹ ይገባሉ!» አሉና መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። «እግሬን ካመመኝ ወዲህ ዛፉ ላይ አልወጣሁም። ባዶ ቀርቷል ብዬ ነበር እኮ።»

«ቀበሌውስ?» አልኩ፤ ፈሪ ለእናቱ ነውና ቁርጡን ማወቅ ፈለግሁ።

«ምን ቀበሌ! ቤት ግቡ እንጂ።»

ነፍሴ ተመለሰች። ገጀራቸውን ራሴ ተሸክሜ ተከተልኳቸው።

ከቀኑ 11 ሰዓት

ወፏን ሳናይ ሚዛን ገባን። ራጃን ሚኒባስ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ሲያንኮራፋ መጣ፤ አውሮፕላኑ እንደማያመልጠው እያሰብኩ ደስ አለኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫካ ስለው የኖርኩት የሰው ጓሮ ኖሯል። የሰው ጓሮ ከመግባቴ በፊት «ቤቶች!» ማለትን ደግሞ እናቴ ገና በልጅነቴ አስተምራኝ ነበር።